የድሮ ቦክስ ካርድ፣ ፎቶና ፊርማ (1880ዎቹ – 1920ዎቹ)፦ ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

አምስተኛ_ዙር (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከጆን ኤል. ሱሊቫን አንሥቶ ደምፕሲና ተኒ በ1927 ሺካጎ ላይ እስከተገናኙበት ድረስ ካለው ዘመን የቦክስ ሻምፒዮና ቅርስ መሰብሰብ ልጀምር ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እዚህ ሜሪላንድ አንድ ሻጭ አምስት ነገር በአንድ ጥቅል አቅርቦልኛል። አንዱ የ1887 የአለን ኤንድ ጊንተር የሲጋራ ካርድ (ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይወጣ የነበረ ባለ ሥዕል ካርድ) ነው፤ ሱሊቫን ያለበት፣ ጀርባው ላይ የአልበም ወረቀት ተጣብቆ የቀረ። ሌላው ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ የጃክ ደምፕሲ ፎቶ ነው፤ ከሥሩ የፎቶ ቤቱ ስም «ዉድ፣ 208 ባወሪ፣ ኒው ዮርክ» ተብሎ ታትሟል። ከዚያ የጆንሰንና የጄፍሪስ የሪኖ ግጥሚያ ፖስት ካርድ፣ ጃክ ጆንሰን ፈርሞበታል የተባለ ቁራጭ ወረቀት ከነሰርተፍኬቱ፣ እና ያልተቀደደ የ1919 የቶሌዶ (የደምፕሲና የዊላርድ ግጥሚያ) ትኬት አለ።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ያህል በእጄ ይዤ እንዳያቸው ፈቅዷል። ምን ይዤ ልሂድ? የቱን በምን ልፈትሽ? «ነጣጥዬ አልሸጥም» ብሏል፤ እንዳለ ልውሰደው ወይስ ልከራከር?

አጉሊ_መነጽር

አራት ነገር ያዝ፦ 10 ጊዜ የሚያጎላ እንደ ሰዓት ሠሪ ያለ መነጽር፣ የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ባትሪ፣ በሚሊሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ አንድ ነጭ የፎቶኮፒ ወረቀት። ባትሪው ላይ አትሰስት። ርካሾቹ 395 ናኖሜትር ናቸው፤ ከራሳቸው የሚወጣው ሐምራዊ ብርሃን ሁሉን ነገር ስለሚያቀልም የሚያበራውን ከማያበራው መለየት ያስቸግራል።

ፎቶኮፒ ወረቀቱ ለማወዳደሪያ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪውን ስትለቅበት ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ወረቀቱን ለማንጣት የተጨመረበት ኬሚካል ነው እንዲያ የሚያደርገው። ይህ ኬሚካል በወረቀት ሥራ የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ «1887» ተብሎ እንደዚያ የሚያበራ ካርድ ካየህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም። ነገሩን ግን አትገልብጠው፤ አላበራም ማለት እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። የድሮ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ገንጥሎ ማተም የሚያውቅ ፎርጅድ ሠሪ ሞልቷል።

ካርዱን በመነጽር ስታየው ፊቱ ላይ ቆይ። እነዚህ ካርዶች በድንጋይ ሊቶግራፍ (ሥዕሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተሥሎ በሚታተምበት ዘዴ) ነው የታተሙት። የጉንጩ ቅላት፣ የክንዱ ጥላ በእጅ በተጣሉ ነጠብጣቦች የተሠራ ነው፤ አንዱ ወፈር አንዱ ቀጠን ያለ፣ ሰፌድ ላይ እንደተበተነ ጤፍ ሰልፍ የማይጠብቅ። ዘመናዊ ቅጂ ከሆነ ግን እንደ መጽሔት ፎቶ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦች እኩል ርቀት ጠብቀው እንደ ትንንሽ አበባ ተደርድረው ታገኛቸዋለህ። ስሙ የተጻፈበትን ፊደልም እይ። የዋናው ፊደል ወጥ ቀለም ነው፤ የቅጂው በነጥብ ስለተሠራ ጠርዙ የተሸራረፈ ይመስላል።

መጠኑ 38 በ70 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በግልጽ ካነሰ ተከርክሟል። ጥጉ የተበላ ካርድ በምላጭ አስተካክሎ አዲስ ማስመሰል የቆየ ማታለያ ነው፤ ፊቱ ተጨማዶ አራቱም ጥግ ስለት ከሆነ ጠርጥር። ጀርባው ላይ በስብስቡ ያሉት የ50 ሻምፒዮኖች ስም ዝርዝር መኖር አለበት፤ ከነሱ 10ሩ ቦክሰኞች ናቸው። ሰብሳቢዎች ይህን ስብስብ ኤን28 ነው የሚሉት። ኤን ማለት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርድ፣ ቲ ማለት የ20ኛው ነው፤ ጄፈርሰን በርዲክ ያወጣው አመዳደብ ነው፣ እስከ ዛሬ ሁሉም የሚጠቀምበት። በኋላ ቲ218 እና ቲ220 የሚባሉትን (ሜካና ቶልስቶይ ከተባሉ ሲጋራዎች ጋር ከ1910 ጀምሮ የወጡትን) ስትፈልግ ይጠቅምሃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቶፕስ የተባለው የካርድ ኩባንያ ከ2006 ጀምሮ በዚሁ በአለን ኤንድ ጊንተር ስም አዳዲስ ካርዶች ያወጣል፣ ትንንሾቹም በመጠን ከድሮዎቹ ጋር ይቀራረባሉ። ሕጋዊ ምርት ነው፤ ጀማሪን ግን ያሳስታል።

ባዶ_እጅ

እኔን የሳበኝ ፎቶው ነው። ጃክ ደምፕሲ የሚባሉ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው «አቻ የለሹ» የሚባለው የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ነው፤ አየርላንድ ተወልዶ በ1895 የሞተ። ሁለተኛው ሁሉም የሚያውቀው የከባድ ሚዛኑ፣ በዚያው በ1895 የተወለደ፤ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ዊሊያም ሃሪሰን ነው፣ «ጃክ»ን የወረሰው ከሟቹ ነው። የባወሪው ጆን ዉድ የ1880ዎቹንና የ1890ዎቹን ቦክሰኞች ያነሳ ፎቶግራፈር ነው። እንግዲህ ካርቶኑ ላይ ያለው ሰውዬ ቶሌዶ ላይ ዊላርድን የደበደበው ከሆነ ፎቶውና ካርቶኑ አይተዋወቁም፣ አንዱ ከሌላ ቦታ መጥቷል። አቻ የለሹ ከሆነ ደግሞ ሻጩ በታዋቂው ደምፕሲ ስም ዋጋ እየጠራ እንዳይሆን። (ዎልኮትም ሁለት ነው፦ የ1901 የዌልተር ሚዛኑ የባርቤዶሱ ጆ ዎልኮት፣ እና ከ50 ዓመት በኋላ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ያገኘው ጀርሲ ጆ ዎልኮት። የኋለኛው ስሙን የተዋሰ ነው።)

እንዲህ ያለው ፎቶ ካቢኔ ካርድ ይባላል፤ ካርቶኑ 108 በ165 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚታተመው በእንቁላል ነጭ በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ነበር፣ አልቡሚን የሚሉት። ብቻውን ከተያዘ ስለሚጠቀለል ነው ካርቶን ላይ የሚለጠፈው። በመነጽር ስታየው ሦስት ነገር ፈልግ። የወረቀቱ ጭረት (ወረቀቱ የተሠራበት ቃጫ መሰል ክር) ከሥዕሉ ሥር ይታያል፤ በኋላ የመጡት የጄላቲን ፎቶዎች በመሃል ነጭ የባራይታ ሽፋን ስላላቸው ጭረቱ አይታይባቸውም። ቀለሙ ጥቁርና ነጭ ሳይሆን ወደ ቡና ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ ብሩህ የነበረው ቦታ ቢጫ ሆኗል። ላዩ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለ።

እዚህ ላይ የተለመደው ተንኮል እውነተኛ ካርቶን ገዝቶ (የማይታወቅ ቤተሰብ ፎቶ የነበረበት ካርቶን በሳንቲም ነው የሚሸጠው) የቦክሰኛ ቅጂ መለጠፍ ነው። ባትሪውን ካርቶኑና ሥዕሉ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አብራ። ካርቶኑ ጠቁሮ ሥዕሉ ካበራ ነገሩ አለቀ። ጉዳቱም መመሳሰል አለበት፦ ካርቶኑ ላይ ያለ የውሃ እድፍ ሥዕሉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ እድፉ የመጣው ሥዕሉ ሳይለጠፍ ነው።

ሪኖ_1910

ፖስት ካርዱን ገልብጠህ ቴምብር የሚለጠፍበትን ሳጥን አንብብ። ዙሪያውን «አዞ» የሚል ጽሑፍ ካለ (የፎቶ ወረቀቱ ስም ነው፣ ከኛ አዞ ጋር አይገናኝም) አራቱን ጥግ ተመልከት። አራቱም ሦስት ማዕዘኖች ወደ ላይ ካመለከቱ ወረቀቱ ከ1904 እስከ 1918 ያለ ነው። ሁለቱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከ1918 እስከ 1930። ጥጉ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ካሉ ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ማለትም በኋላ ከኔጋቲቭ ወይም ከሌላ ፎቶ የተባዛ። ጀርባውን ለሁለት የሚከፍለው መስመርም ከመጋቢት 1907 ወዲህ የመጣ ስለሆነ በ1910 ካርድ ላይ ቢኖር ትክክል ነው።

ፊቱን በመነጽር ስታየው ምንም ነጥብ መኖር የለበትም። ነጥብ ካለ በማተሚያ የተባዛ እንጂ ፎቶ አይደለም። በጄላቲን ፎቶ ላይ ጨለማው ክፍል ወደ ብርሃን ዘንበል ሲደረግ እንደ መስታወት ብር ብር ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ ብሩ በዕድሜ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፣ ይህን ማስመሰል ቀላል አይደለም።

ዋናው ምክሬ ግን ይህ ነው፦ የሪኖ ፖስት ካርድ ብርቅ አይደለም። ሐምሌ 4 ቀን 1910 ቴክስ ሪካርድ ራሱ አዘጋጅ ራሱ ዳኛ ሆኖ ያጫወተው፣ በ15ኛው ዙር ያለቀ ግጥሚያ ነው፤ ፎቶግራፈር ሁሉ እዚያ ነበር፣ ካርዱም በብዛት ተባዝቶ ተሸጧል። አስቸጋሪው ፊልሙ ነው፤ ከ1912 እስከ 1940 የቦክስ ፊልም ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ማጓጓዝ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነበር፣ ለሕጉ መውጣትም ጥቁሩ ጆንሰን በነጩ ጄፍሪስ ላይ ያገኘው ድል ዋና ምክንያት ነበር። ስለዚህ አጠራጣሪ ፖስት ካርድ የምትገዛበት ምክንያት የለም፤ ሌላ ይመጣል።

ትኬቱን በተመለከተ፣ ሙሉ መሆኑ ብቻውን አያስደንግጥህ። የቶሌዶው ስታዲየም ለ80,000 ሰው ተሠርቶ የመጣው 20,000 ያህል ነበር፤ ሳይሸጥ የቀረ ትኬት መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ሻጩ «ሙሉ ትኬት ነው» ብሎ እንደ ተአምር ዋጋ ከጠራ አትቀበል። ስትመረምረው የመቀደጃውን ቀዳዳዎች እይ፦ በእውነተኛው ላይ ብረቱ ወረቀቱን በስቶ አልፎ ከጀርባ በኩል ጠርዙ ብቅ ብሏል፤ በቅጂው ላይ ግን ቀዳዳው የታተመ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። በተፈጥሮ ያረጀ ወረቀት ቢጫው ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል ይገባል። በሻይ የተነከረ ከሆነ መሃሉም ዳሩም እኩል ነው፣ ወይም ሻይው የቆመበት ቦታ ላይ ቡናማ ቀለበት ይተዋል።

ብዕርና_ብራና

ከአምስቱ በጣም የምፈራልህ ፊርማውን ነው። በመጀመሪያ በምን እንደተጻፈ ለይ። እስክሪብቶ አሜሪካ ውስጥ ሱቅ የገባው በጥቅምት 1945 ነው፤ ጆንሰን በመኪና አደጋ የሞተው ሰኔ 10 ቀን 1946 ነው። በእስክሪብቶ የተፈረመ ከሆነ ያለው ጊዜ ስምንት ወር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። አይቻልም አልልም፤ ግን ለዚያ ገንዘብ አይወጣም። በመነጽር የእስክሪብቶ መስመር መሃሉ ተጭኖ የጎደጎደ፣ በየማጠፊያው ትንሽ የቀለም ጉብታ የሚጥል ነው። የቀለም ብዕር ደግሞ ሲጫን ለሁለት ተከፍሎ ወፍራም፣ ሲነሳ ቀጭን መስመር ይሰጣል።

በቀለም ብዕር ከሆነ የፊደሉን ዳር እይ። ወረቀት ሲሠራ ቀለም እንዳይመጥ የሚቀባው ነገር በዘመን ብዛት ይደክማል። በ1930ዎቹ ገና አዲስ በነበረ ወረቀት ላይ የተፈረመ ፊርማ ዳሩ ንጹሕ ነው። ትናንት በአሮጌ ወረቀት ላይ የተፈረመ ግን ቀለሙ በወረቀቱ ጭረት እየሮጠ እንደ ሸረሪት እግር ወደ ጎን ይበተናል። ወረቀቱ የታጠፈ ከሆነ ደግሞ ፊርማው እጥፋቱን የሚያቋርጥበትን ነጥብ ፈልግ። ቀለሙ እጥፋቱ ውስጥ ፈስሶ ከሰፋ የተፈረመው ከታጠፈ በኋላ ነው።

የመስመሩን ፍጥነትም አትርሳ። ሰው የራሱን ስም ሲፈርም ብዕሩ ገና አየር ላይ እያለ ይጀምራል፣ ሳይቆምም ይነሳል፤ መነሻና መድረሻው እንደ ጭራ የሾለ ነው። የሚኮርጅ እጅ ግን ቀስ ብሎ ስለሚስል ሁለቱም ጫፍ ዱልዱም ነው፣ በመሃልም ይንቀጠቀጣል።

ሰርተፍኬቱ ላይ ብዙ አትደገፍ። ኤፍ.ቢ.አይ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ብሎ የፎርጅድ ስፖርት ፊርማ ሠሪዎችን ሲይዝ ሰርተፍኬቱም አብሮ ፎርጅድ ሆኖ ነው የተገኘው። ቁጥሩን ያወጣው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ ፎቶው ከያዝከው ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን ተመልከት፤ ፎቶ የሌለው ሰርተፍኬት ለየትኛውም ወረቀት ይሆናል።

ፊርማ መሰብሰብ ከፈለግህ በከባድ ሚዛኑ ደምፕሲ ጀምር። ከ1935 እስከ 1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ምግብ ቤት ነበረው፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይፈርም ስለነበር የሚወዳደር ናሙና ሞልቷል። በ24 ዓመቱ በ1910 የተገደለውን የስታንሊ ኬትቸልን ፊርማ በርካሽ ያቀረበልህን ግን ሰላም ብለህ እለፈው።

ባዶ_እጅ

ከላይ ስለ ሰርተፍኬት በተባለው ላይ ትንሽ ልለይ። በፕላስቲክ ታሽጎ ደረጃ የተሰጠው ካርድ ሌላ ነገር ነው፤ ፒ.ኤስ.ኤ. ወይም ኤስ.ጂ.ሲ. (ካርድ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች) ያሸጉትን ኤን28 ለጀማሪ እመርጣለሁ፣ መከርከሙን እነሱ ለክተውታልና። ግን ማሸጊያውም ይከፈታል፣ ይኮረጃል። ዳሩ ላይ የተቦጫጨቀ ወይም ሙጫ የመሰለ ጭጋግ ካለ ተወው።

ጥቅሉን በተመለከተ፦ በእጅህ ያረጋገጥካቸውን ብቻ ደምር፣ ሌላውን ዜሮ ብለህ ቁጠር። ሻጩ ያንን ካልተቀበለ ጨረታ ሂድ፤ ግን የጨረታ ቤቶች በመዶሻው ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚጨምሩ አስቀድመህ አስላ።

ከርዕስ ወጣ ልበልና፣ ለሐበሻ ሰብሳቢ ከተኒ በኋላ አንድ ማቆሚያ አለ። ሰኔ 25 ቀን 1935 ያንኪ ስታዲየም ላይ ጥቁር አሜሪካዊው ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን በ6ኛው ዙር አሸነፈ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦር እያከማቸ የነበረበት ወር ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ነው ያዩት። ሻምፒዮና አይደለም፣ ካርኔራ ቀበቶውን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አጥቷል፤ የዚያን ሳምንት የሺካጎ ዲፌንደር ወይም የፒትስበርግ ኩሪየር (የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች) ዕትም ግን ከብዙ ካርድ ይልቅ እኛን ይመለከታል። ጋዜጣው ከእንጨት የተሠራ ወረቀት ስለሆነ ይሰበራል፤ ሙሉ ቁመቱን የሚደግፍ ጠንካራ ካርቶን ሳትይዝ አታንሳው።

አምስተኛ_ዙር

አይቼ መጣሁ። ካርዱ 38 በ70 ነው፣ አላበራም፣ ነጠብጣቡም የተበተነ ነው። ፎቶው አቻ የለሹ ነው፤ ጭረቱ ይታያል፣ ካርቶኑም ሥዕሉም ጨለማ ሆነው ቀሩ። ፖስት ካርዱ አዞ ነው፣ ጥጉ ላይ ግን ትንንሽ አራት ማዕዘኖች አሉት። ፊርማው በቀለም ብዕር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ዳር እንደተባለው እግር አውጥቷል፣ ሰርተፍኬቱም ፎቶ የለውም። ትኬቱ ቀዳዳው እውነተኛ ነው። ሦስቱን ለይቶ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። አሁን የካርዱን ጀርባ ወረቀት እንዴት ላንሳ? እና የት ላስቀምጣቸው?

አጉሊ_መነጽር

ሙጫው የስንዴ ሊጥ ከሆነ (የዚያ ዘመን አልበም አብዛኛው እንዲያ ነው) ውሃ ያነሳዋል። ቢጫ ሆኖ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ከሆነ ወይም ስኮች ከሆነ ውሃ አይሠራም፣ አትንካው።

በመጀመሪያ የጆሮ ጥጥ በዲስቲልድ ውሃ አርጥበህ ካርዱ ጥግ ላይ ለአፍታ አስነካ። ጥጡ ቀለም ካነሳ እዚያው አቁም። ካላነሳ ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ውስጥ በክፍሉ ሙቀት ያለ ዲስቲልድ ውሃ ሁለት ጣት ያህል አድርገህ ካርዱን ፊቱን ወደ ላይ አስጠልቀው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ክሎሪንና ብረት አለበት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቅ። ወረቀቱን አትላጠው፤ ሊጡ ሲያብጥ በራሱ ይንሸራተታል። ካልተንሸራተተ ውሃውን ቀይረህ ሌላ 20 ደቂቃ ጨምር። ሰው ካርዱን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በጥፍር ሲስብ የጀርባውን የስም ዝርዝር አብሮ ይገነጥለዋል። ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ካርዱ ላይ የሚያሟልጭ ነገር ይቀራል፣ ያ ሊጡ ነው። በአዲስ ውሃ ውስጥ በጣት ጫፍ ሳትፈትግ አባብለህ አጥፋው፤ ከቀረ ሲደርቅ በምታደርቅበት መጣጭ ወረቀት ላይ ይጣበቃል።

ፎቶውን ግን በጭራሽ ውሃ አታስነካ። አልቡሚኑ ከካርቶኑ ይላቀቅና ይጠቀለላል፣ ስንጥቁም ይሰፋል።

ማስቀመጫውን ከፖሊስተር የተሠራ ኪስ ግዛ፣ ማይላር የሚሉት። ስትከፍተው እንደ አዲስ መኪና የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ፒ.ቪ.ሲ. ነው፣ ከጊዜ በኋላ ላብ አውጥቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ላሚኔት ደግሞ መመለሻ የለውም። የሜሪላንድ ቤዝመንት ዕቃ የሚያጠፋው በብርዱ ወራት ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ እርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ቁም ሣጥን ይሻላል። ግድግዳ ላይ መስቀል ካማረህ ፎቶውን አስባዝተህ ቅጂውን ስቀል፤ የደበዘዘ አልቡሚን አይመለስም።

ብዕርና_ብራና

ማድረቁ ተረሳ። ካርዱን በሁለት መጣጭ ወረቀት መሃል አድርገህ ከላይ መስታወት፣ ከመስታወቱ ላይ ሦስት አራት ወፍራም መጽሐፍ ጫን። ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣጩን በደረቅ ቀይር፤ የመጀመሪያው ውሃውን ይዞ ስለሚቀር ካልተቀየረ ሻጋታ ይጠራል። ከዚያ ለ48 ሰዓት አትክፈተው። ግማሽ ደርቆ ከወጣ ወደ አንድ በኩል ይቆለመማል፣ እንደገና ማርጠብ ይኖርብሃል።